ከአርሰናል በፊት የፋርጣ ሜዳ

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው የፋርጣ ወረዳ የስፖርት ዘጋቢ ሆኖ ሥራ የሚጀምር ወጣት ስለ ኳስ የሚያውቀው አያንሰውም። የአርሰናልንና የማንችስተር ዩናይትድን አሰላለፍ በቃሉ ይወጣዋል፤ የኤፍኤም ጣቢያዎቻችን ለዓመታት ያስለመዱት የስፖርት ፕሮግራም በአብዛኛው የአውሮፓ እግር ኳስ ነውና። የሚከብደው በገዛ ከተማው የሚሆነውን ከዜና መቁጠር ነው። በእኔ እምነት የዚህ ወጣት የመጀመሪያ ግዴታ ሌላ ማንም የማይጽፈውን የአካባቢውን ውድድር አጣርቶ መመዝገብ ነው። ትንተናው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ የሴካፋን ዋንጫ ስታነሣ፣ ስታዲየም ያልገባው ሕዝብ ጨዋታውን የተከታተለው በስፖርት ጋዜጠኛው በደምሴ ዳምጤ አንደበት ነው። ዛሬም ያ ድል ሲወሳ ደምሴ አብሮ ይወሳል። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲወስድም ውድድሩ በዲኤስቲቪ ይተላለፍ ስለነበር ጎሎቹ ተቀርጸው ቀርተዋል። ከዚያ ወደ አንደኛ ሊግ፣ ወደ ክልል፣ ወደ ዞንና ወረዳ በወረድን ቁጥር ግን ጽሑፉ እየሳሳ ይሄዳል። የንፋስ መውጫና የአዲስ ዘመን ከተሞች ተማሪዎች ቢጋጠሙ ውጤቱ ከዳኛው ወረቀት የሚያልፈው ስንት ጊዜ ነው? በሩጫውም ነገሩ ያው ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከጀርባዋ ያለው የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በከፍታ ከሆነ ከአርሲዋ በቆጂ ብዙም አትርቅም። በቆጂ ግን ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ገና በልጅነታቸው ያየ ስንታየሁ እሸቱ የሚባል አሠልጣኝ ነበራት። አየሩ ብቻውን ሯጭ አያወጣም፤ ልጁን አይቶ ስሙን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። አሠልጣኙ በሁሉም ወረዳ ሊገኝ አይችልም፤ የተጻፈ ውጤት ግን ካለበት ድረስ ይሄድለታል።

መመዝገብ ሲባል ቀላል ይመስላል። የትምህርት ቤት ቡድን ማሊያው ቁጥር የሌለው ሊሆን ይችላል፤ ጎል ያገባውን ልጅ ጨዋታው እንዳለቀ ሄዶ መጠየቅ ግድ ነው። ስምና የአባት ስምም አይበቃም፤ በአንድ ወረዳ ስንት ሞገስ አበበ ይገኛል! የአያት ስም፣ ትምህርት ቤት፣ ክፍል፣ ቀኑና ደቂቃው መያዝ አለበት። የሩጫው ደግሞ ይብሳል። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወስደው መንገድ ወደ ፎገራ ሜዳ የሚወርድ ቁልቁለት ነው። እዚያ ላይ «10 ኪሎ ሜትር» ተብሎ በእጅ ሰዓት የተያዘ ፈጣን ሰዓት፣ ርቀቱ ካልተለካና ቁልቁለቱ ካልተነገረ፣ ሯጩን ራሱን ያሳስታል። በዓለም አቀፉ ደንብ በአማካይ በኪሎ ሜትር ከ1 ሜትር በላይ በሚወርድ ጎዳና ላይ ክብረ ወሰን አይጸድቅም። ይህን ጠይቆ የሚጽፍ ዘጋቢ ለልጁ ከሙገሳ የበለጠ ውለታ ይውልለታል። የዕድሜው ጉዳይም አለ። ፊፋ በ2009 እ.ኤ.አ. ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ ማስመርመር የጀመረው የልደት ወረቀት ብቻውን አላስተማምን ስላለ ነው። የልደት ምዝገባ በላላበት ገጠር፣ አንድ ልጅ በዚህ ዓመት በዚህ ክፍል ሆኖ ተጫወተ የሚል የጋዜጣ መስመር ቆይቶ ማስረጃ ይሆናል።

«አንባቢው የሚፈልገው ፕሪሚየር ሊጉን ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት አለው፤ የውርርድ ቤቱ ወረፋም ይመሰክራል። ነገር ግን የለንደኑን ጨዋታ ደብረ ታቦር ተቀምጦ የሚተርክ ዘጋቢ ሌላ ሰው ያየውን መድገም እንጂ የሚጨምረው የለም፤ የፋርጣውን ግን እሱ ካልጻፈው የሚጽፈው ላይኖር ይችላል። ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ያሳስበኛል፤ በትንሽ ከተማ አሠልጣኙም የቡድን መሪውም ጎረቤት ወይም ዘመድ ነው፣ ዘጋቢው ደጋፊ ሆኖ ይቀራል ይላል። በተለይ በቡድኑ መኪና ተሳፍሮ፣ ከቡድኑ አበል ተቀብሎ የሚጓዝ ከሆነ ስጋቱ የተጨበጠ ነው። ስም፣ ደቂቃና ሰዓት ግን ማንም ሊያጣራው ስለሚችል ለአድልዎ በር የሚከፍተው ከትንተና ያነሰ ነው። ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። የአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ግጭት ውስጥ ሆኖ ሰው እየሞተ ስለ ኳስ መጻፍ ነውር ነው የሚሉ አሉ። ሐዘናቸው ሐዘኔ ነው። ሆኖም ያልተካሄደው ውድድር፣ የተበተነው ቡድን፣ ሜዳ የራቀው ተማሪም የዚህ ዘመን ታሪክ ነው፤ ካልተጻፈ ይህ ትውልድ ምን እንደቀረበት ማሳየት አይቻልም።

አዲስ ዘጋቢ የምትቀጥሩ መገናኛ ብዙኃን፣ የትራንስፖርቱንና የውሎ አበሉን ወጪ እናንተው ቻሉለት፤ ለቡድን መሪ አትተዉት። የወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤቶችና የስፖርት መምህራንም የየውድድሩን የውጤት ወረቀት ቅጂ አድርሱት።