ለሠርግ ብቻ የሚታወስ ሙዚቀኛ

በሰንሻይንና በአካባቢዋ ቅዳሜ ማታ ሠርግ ሲኖር ኦርጋን ተጫዋቹ ከእንግዶቹ ሁሉ ቀድሞ ከአዳራሹ ይደርሳል። ሳምንቱን በሙሉ ታክሲ ሲነዳ ወይም በመጋዘን ዕቃ ሲያነሳ የሰነበተ ሰው ነው። እስከ እኩለ ሌሊት የጥላሁንን፣ የመሐሙድንና የአስቴርን ዜማዎች ሲያከታትል ያመሻል። እስክስታው ሲሞቅ የሃምሳ ዶላር ኖት ግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል። ይሁን እንጂ ከዚያ ሁሉ እንግዳ መካከል «ለመሆኑ የራስህ ሥራ የለህም ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው አይገኝም።

ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ሲቀር ምን እንደሚታጣ ለማወቅ የኃይሉ መርጊያን ታሪክ መመልከት ይበቃል።

ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1946 ደብረ ብርሃን ተወለደ። በ1970ዎቹ የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ሆኖ በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ለዓመታት ሠርቷል። ባንዱ በ1977 ያወጣው «ቼ በለው» ድምፃዊ የሌለበት፣ መሣሪያዎቹ ብቻቸውን የሚናገሩበት ሥራ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባንዱ ወደ አሜሪካ ተጉዞ ትርዒት ካሳየ በኋላ ገሚሱ ወደ ሀገር ቤት ሲመለስ ኃይሉ ከቀሩት አንዱ ሆነ።

በ1985 በዋሽንግተን ለብቻው አንድ ካሴት ሠራ። አብሮት የሚጫወት ባንድ አልነበረም። አንዱን ድምፅ በቴፕ ይቀርጽና ሁለተኛውን በላዩ ላይ ይጨምራል፤ ከበሮውን በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ያስመታል፤ አኮርዲዮኑን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውንና ሲንተሳይዘሩን ራሱ ይጫወታል። እንዲህ እያለ አንድ ሰው የአንድ ሙሉ ባንድ ሥራ አከናወነ። ጥንታዊውን የሀገር ዜማ ከአዲሱ መሣሪያ ጋር ያገናኘ ሥራ ነበር።

ከጊዜ በኋላ ኃይሉ መድረኩን ትቶ በዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነጂ ሆነ። ኦርጋኑን ግን ከመኪናው ኋላ ጭኖ ይዞር ነበር፤ ተራው እስኪደርስ ድረስ አውጥቶ ይለማመዳል። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጭ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ሥፍራዎች አንዱ ነው። የወገን እጥረት አልነበረም ማለት ነው።

ፈልጎ ያገኘው ግን ሌላ ሰው ሆነ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ያንን የ1985 ካሴት ባሕር ዳር ከአንድ ሙዚቃ ቤት ገዝቶ አዳመጠ። በድምፁ ተገርሞ ባለቤቱን አፈላልጎ ደወለለት። በ2013 ሥራው እንደገና ታትሞ ወጣ፤ ታክሲ ነጂውም በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ላይ ዳግመኛ ቆመ። ካሴቱ ከተሠራ 28 ዓመት ሆኖት ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ሜልቦርን ላለው ሰው ይቀርባል። ኃይሉ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበም ሲያወጣ ስቱዲዮ የገቡት ሁለት አጃቢዎቹ፣ ድራም መቺው ቶኒ በክና የቤዝ ተጫዋቹ ማይክ ማይኮቭስኪ፣ አውስትራሊያውያን ናቸው። በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ» ተከተለ። እዚህ ሜልቦርን ውስጥም ብላክ ጂሰስ ኤክስፒሪያንስ የተባለው ባንድ ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር በ2016 እና በ2020 ሁለት አልበሞች አውጥቷል። የዋልያስ ባልደረባ የነበረው ግርማ በየነም በአሜሪካ ለዓመታት ነዳጅ ማደያ ሲሠራ ኖሮ በ2017 አዲስ አልበም ያወጣው አካሌ ውቤ ከተባለ የፈረንሳይ ባንድ ጋር ነው።

ይህ ሁሉ ሲነገር «ፈረንጅ ሙዚቃውን ወሰደው» የሚሉ አይጠፉም። አባባሉ ሚዛን አይደፋም። ካሴቱን ገዝቶ፣ ባለቤቱን ፈልጎ፣ ከባለቤቱ ጋር ተነጋግሮ ያሳተመ ሰው ሌባ አይባልም። አንዱ የገዛው ካሴት ለአሥር ቤት ሲገለበጥ የኖረው በፈረንጅ እጅ አልነበረም። ዛሬም አልበም ገና በወጣ ማግስት ከስልክ ወደ ስልክ የሚያስተላልፈው ወገን ራሱ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው ነው ነገሩ።

በሌላ በኩል የሠርግ እንግዳ የሚያውቀውን ዘፈን መስማት ይፈልጋል የሚለው ክርክር እውነት አለው። ቀኑን ሲደክም የዋለ ሰው መደሰት መብቱ ነው። የቤት ዕዳና የልጆች ወጪ ያለበት ቤተሰብም የሙዚቃ ኃላፊነት ሁሉ ይጫንበት ማለት አይቻልም። የድሮውን ዘፈን መውደድም ነውር አይደለም። ሆኖም ያ የድሮ ዘፈን በጊዜው አዲስ ነበር። አንድ ሰው ደፍሮ ሠራው፣ ሌላው ገንዘቡን አውጥቶ አስቀረጸው፣ ሕዝቡም ገዝቶ አዳመጠው። ይህ ሰንሰለት ከተበጠሰ የዛሬ ሠላሳ ዓመት የሰንሻይን ልጆች በሠርጋቸው የሚጨፍሩበት የዚህ ዘመን ዘፈን አይኖርም።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ሠርግ የሚደግሱ ወላጆች ከሙዚቀኛው ጋር ዋጋ ሲነጋገሩ «ሁለቱ ዘፈኖች የራስህ ይሁኑ» ቢሉ ድግሱ አይበላሽም። እቁብ ለመኪናና ለቤት እንደሚጣል ሁሉ ለአንድ አልበምም ሊጣል ይችላል። ሃያ ሰው ሃምሳ ሃምሳ ዶላር አስቀድሞ ቢከፍል አንድ ሺህ ዶላር ይሆናል፤ ለስቱዲዮ መግቢያ ጥሩ መነሻ ነው። ከፋዮቹም አልበሙ ሲወጣ ድርሻቸውን ይወስዳሉ።

እዚህ ተወልደው በትምህርት ቤት ድራምና ጊታር የሚማሩ ልጆችም አሉ። ወላጆቻቸው ከዚያ ኦርጋን ተጫዋች አጠገብ ቢያስቀምጧቸው አምባሰልንና አንቺ ሆዬን በአንድ ክረምት ይለምዳሉ፤ እሱም አጃቢ ያገኛል። ሁለት አውስትራሊያውያን ከኃይሉ ጋር ሊሠሩት የቻሉትን የሰንሻይን ልጅ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

በየጋራዡ በካርቶን ታሽገው የተቀመጡት ካሴቶችም ሊታሰብባቸው ይገባል። ካውንስሉ ትልልቅ ቆሻሻ በሚሰበስብበት ሰሞን መንገድ ዳር ከመውጣታቸው በፊት አንድ ጊዜ ይታዩ። ባሕር ዳር የተገኘው ካሴትም እንዲሁ ከብዙዎች መካከል የተቀመጠ አንድ ካሴት ነበር።

ኃይሉ መርጊያ ዕድሜና ጤና ስላገኘ 28 ዓመት ቆይቶ ሥራው ዓለም ላይ ሲሰማ ለማየት በቃ። ይህ ዕድል ሁሉንም አይገጥምም፤ ስንቱ ሙዚቀኛ ዜማውን በሆዱ እንደያዘ አፈር ገብቷል። ስለዚህ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሠርግ ላይ ሃምሳ ዶላሩ ግንባሩ ላይ ሲለጠፍ ያች አጭር ጥያቄም አብራ ትቅረብለት። «የራስህ ሥራ የለህም ወይ?» የሚለው ቃል ከኖቱ የበለጠ ሊያስደስተው ይችላል።