ሃያ አራት ማርመላታና አንዲት ፍየል

ሰሞኑን የሚጻፈው ሁሉ ስለ ምርጫ መብዛት ሆኗል። ጎበዝ፣ ደክሞናል ነው ነገሩ። ጠዋት ምን ልልበስ፣ ማታ ምን ልይ፣ የትኛውን የኢንተርኔት ጥቅል ልግዛ፣ ቴሌ ይሻለኛል ወይስ ሳፋሪኮም፣ ልጄን የት ላስተምር። ውሳኔ ሲደራረብ አእምሮ ይዝላል፤ ስሙም «የውሳኔ ድካም» ነው ይሉናል። መድኃኒቱም አብሮ ይታዘዛል፤ እንደ ድሮው ማርክ ዙከርበርግ በየቀኑ አንድ ዓይነት ቲሸርት ልበስ፣ ቁርስህን አትቀያይር፣ ከባዱን ጉዳይ በጠዋት ጨርስ።

ድካሙ ውሸት ነው አልልም። ጠቤ ሌላ ነው። በዚህ ወሬ ውስጥ ውሳኔ የሚያደክመው ሰው ሁልጊዜ የተረፈው፣ አማርጦ የሚገዛ ሰው ነው። እኔ ግን እላለሁ፦ በዚህች አገር በውሳኔ የዛለ ሰው ማየት የፈለገ፣ ከቦሌ ሱፐርማርኬት በፊት ሰቆጣ ይውጣ።

ወሬው የገነነው በማርመላታ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ሺና አየንጋርና ማርክ ሌፐር የተባሉ ተመራማሪዎች ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለ አንድ ሱቅ አንዴ 24፣ አንዴ 6 ዓይነት ማርመላታ ለቅምሻ ደርድረው ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። 24ቱ ጋ ቆመው ካዩት የገዙት 3 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ 6ቱን ካዩት ግን 30 በመቶ ገደማ ገዙ። ከዚያ ወዲህ «ምርጫ ሲበዛ ሰው ይፈዛል» የሚለው እንደ ስብከት ተዳረሰ። ከ10 ዓመት በኋላ ግን 50 ያህል መሰል ሙከራዎች አንድ ላይ ሲመዘኑ፣ አማካይ ውጤቱ ዜሮ አካባቢ ሆኖ ተገኘ። ብዛቱ አንዳንዴ ያደክማል፣ አንዳንዴ አያደክምም ማለት ነው። ታዲያ ቁጥሩ ብቻውን ካልሆነ ሰውን የሚጨርሰው ምንድን ነው?

መዘዙ ነው ባይ ነኝ። ማርመላታ የተሳሳተ ሰው ምን ይሆናል? ነገ ሌላ ይገዛል። የዋግ ገበሬ ግን የሚሳሳትበት ትርፍ የለውም።

እስቲ ዝናብ በዘገየበት ዓመት በሐምሌ አንድ ቤት እንግባ፤ አበርገሌ ወይም ዝቋላ በሉት። ጎታው ሊያልቅ ነው። የቀረው ማሽላ ዘር ነው፤ ይዘራ ወይስ ይበላ? ዘርቶ ዝናቡ ከከዳው ሁለቱም የለም። ፍየሏስ? ዛሬ ብትሸጥ ሁሉም የሚሸጥበት ጊዜ ስለሆነ ዋጋዋ ወድቋል፤ ብትቆይ ደግሞ ሳር የለም፣ ልትሞት ትችላለች። አባወራው ለሰሊጥ ሥራ ሁመራ ወይም መተማ ይውረድ? ከወረደ የራሱን አዝመራ ማን ይሰበስባል? ቢቀርና አዝመራው ባይሳካ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነ። እናትየዋ ዶሮዋ የጣለችውን እንቁላል ይዛ ቆማለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ «ለልጁ አብስይለት» ብላታለች፤ እውነቷን ነው። ግን ጨውና ሳሙናስ በምን ይገዛ?

እነዚህ ሁሉ የአንድ ሳምንት ውሳኔዎች ናቸው። ምርጫው ሁለት ሁለት ነው፤ ከያንዳንዱ ጀርባ ግን ገደል አለ። «አንድ ዓይነት ልብስ ልበስ» የሚለው ምክር እዚህ ቤት ምን ይሠራል? ለነገሩ ድሮም አንድ ነው ያለው።

ይህን የእኔ ስሜት ብቻ የሚያደርገው ካለ፣ ሕንድ ታሚል ናዱ ድረስ እንሂድ። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት 464 የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ከምርት በፊት፣ ኪሳቸው ባዶ ሳለ፣ እና ከምርት በኋላ ፈተናቸው። ያው ሰው፣ ያው ጭንቅላት፤ በችግሩ ወር ግን የፈተና ውጤቱ ዝቅ ብሎ ታየ። አእምሮው ሌላ ሥራ ይዞ ነበራ! የኛ ሰው ይህን «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» ብሎ ከጨረሰው ቆይቷል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ይኸው ሰው በየስብሰባው «የተረጂነት አስተሳሰብ» የተጠናወተው ነው እየተባለ ይወቀሳል። «ከተረጂነት ወደ ምርታማነት» የሚል መፈክር ወጥቶለታል። ምርታማ መሆንን ማን ይጠላል? ነገር ግን መፈክሩ ችግሩን ከዝናቡ፣ ከመንገዱና ከጦርነቱ አንስቶ በገበሬው ጭንቅላት ውስጥ ያስቀምጠዋል። «ዕቅድ አያውቅም» ይባላል። እንዴ! ቀኑን ሙሉ ከማቀድ በቀር ምን ሲሠራ ዋለና?

ይልቅስ የማይታቀደው ማን እንደሆነ እንይ። የሴፍቲኔት ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ዋናው ሐሳቡ ርዳታ በየዓመቱ በልመና ከሚመጣ፣ ታውቆ በጊዜው ይምጣ የሚል ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነው። ክፍያው ሲዘገይ ግን ያቺ ፍየል ትሸጣለች። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ደግሞ እህል ተዘርፏል ተብሎ ዩኤስኤአይዲና የዓለም የምግብ ፕሮግራም በመላ አገሪቱ የምግብ ርዳታ አቆሙ፤ የሚቆየውም ለወራት ነበር። በ2017 ዓ.ም. ዩኤስኤአይዲ ራሱ ፈረሰ። ዋግ ላይ ያለች እናት ከዚህ ሁሉ የትኛውን አቅዳ ትግባ?

አንድ ተቃውሞ ይመጣል፤ «እንግዲያው ምርጫ ካደከማቸው እኛ እንወስንላቸው» የሚል። ይህን አይተነዋል። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ፤ ብዙዎቹም ሳይወዱ ነበር የሄዱት። ምርጫን መንጠቅና ሸክምን ማቅለል አንድ አይደሉም። መቀነስ ያለበት የስህተት ዋጋ ነው፤ ገበሬው ይምረጥ፣ ቢሳሳትም ልጁ አይራብ።

ይህ ደግሞ ሰማይ የመቧጠጥ ነገር አይደለም። የሴፍቲኔት ክፍያ የሚመጣበት ቀን ታውቆ በዚያው ቀን ይምጣ። ዝናብ ሲቀር የሚከፍል የሰብል ኢንሹራንስ በ2009 እ.ኤ.አ. በትግራይ ተሞክሮ ወደ አማራ ክልልም ተሻግሯል፤ ይስፋ። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. አጠፋለሁ ብሎ ቃል ሲገባ፣ ቃሉን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎታል። የከተማዋን ስም ከወሰዱ ዘንዳ፣ እንቁላሉ ለልጁ ይሁን የሚለው ምክር የጨውና የሳሙናውንም ነገር ያስብ።

እኛ ከተሜዎች ጥቅል ስንመርጥ ሊደክመን ይችላል፤ ይድከመን፣ ነውር አይደለም። ነገር ግን ድካማችንን የዘመናዊ ሰው ሕመም፣ የዋጉን ሰው ድካም ደግሞ የአስተሳሰብ ችግር ብለን አንጥራው። እሱ ዛሬም ፍየሏን ይዞ ገበያ ጥግ ቆሟል። ልሽጥ፣ አልሽጥ እያለ ነው፤ እኛ በዚህ መካከል «ስንፍና» የምንለው ያንን ዝምታውን ነው።