ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ለሠፋሪው ገበሬ

የመንገድ ሥራ ባለሙያዎች የገጠርን መንገድ በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው የበጋ መንገድ ሲባል ሁለተኛው ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ይባላል። በካርታ ላይ ሁለቱም መስመሮች ናቸው፤ በጥር ወር በመኪና ለሚያልፍ እንግዳም ልዩነታቸው እምብዛም አይታየውም። ልዩነቱን ጠንቅቆ የሚያውቀው በሐምሌና በነሐሴ እዚያው የሚከርመው ገበሬ ነው። በተለይም ከቀዬው ተነሥቶ በማያውቀው አገር ለሠፈረ ገበሬ ይህ ልዩነት የኑሮ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን አንዳንድ ጊዜ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። በእኔ አስተያየት ለሠፈራ አካባቢዎች የሚመደበው የመንገድ ገንዘብ አዲስ ኪሎ ሜትር ለመቁጠር ሳይሆን በቅድሚያ የጅረቶቹን መሻገሪያ ለመሥራትና የተሠራውን ለመጠገን መዋል አለበት። ይህን የምልበትን ምክንያት እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

በአያት በቅድመ አያቱ መሬት ላይ የሚኖር ገበሬ የመኪና መንገድ ባይኖረውም ዘመድ አለው። የእግር መንገዱን፣ የወንዙን መሻገሪያ፣ የዝናቡን ጠባይ ያውቃል፤ ክፉ ቀን ሲመጣ እህል የሚበደርበት ጎተራም አያጣም። ሠፋሪው ግን ይህ ሁሉ የለውም። ከ1977ቱ ረሀብ ጋር ተያይዞ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ መተከል፣ ጋምቤላና ከፋ የተወሰደው ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ፣ ከእርሱም ያለ ፈቃዱ የተጫነው ብዙ ነበር፣ አብዛኛው የደጋና የወይና ደጋ ሰው ነው። የወረደበት ቆላ ደግሞ ወባ የበዛበት፣ ሣሩ ከቁመተ ሰው የሚበልጥ፣ አፈሩም ያልለመደው አፈር ነበር። የመጀመሪያው አዝመራ እስኪደርስ ድረስ የሚበላው እህል፣ የሚዘራው ዘር፣ የሚያርስበት መሣሪያ፣ የሚውጠው የወባ ኪኒን ሁሉ የሚመጣለት በመኪና ነው። እንግዲህ መንገዱ ሲቆረጥ የሚቆረጠው ምን እንደሆነ ማሰብ አያዳግትም። በእነዚያ ዓመታት በየሠፈራ ጣቢያው የሞተው ሰው ብዙ ነው፤ ሁሉም በመንገድ እጦት ሞተ ማለት ግን አይቻልም።

ለሠፋሪ መንገድ ሊሠራለት እንደሚችል ያየነው እዚያው መተከል ውስጥ ነው። በጣና በለስ ፕሮጀክት በኢጣሊያ መንግሥት ርዳታ ፓዌ ላይ መንገድ ተሠርቷል፣ ሆስፒታልም ተቋቁሟል። መንደሮቹ ስማቸው በቁጥር ስለነበረ ዛሬም የአካባቢው ሰው «መንደር ሰባት ነኝ» ሲል ይሰማል። ፕሮጀክቱ ግን በ1983 ዓ.ም. ከመንግሥት ለውጥ ጋር ተቋረጠ። ከዚህ በኋላ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የሠፈራ ፕሮግራም በሦስት ዓመት 440,000 አባወራዎችን፣ ማለትም ወደ 2.2 ሚሊዮን ሕዝብ፣ በየክልሉ ውስጥ ለማስፈር ያቀደ ነበር። ከሐረርጌ ወደ ኢሉባቦር ጨዋቃ የተጓዙት ገበሬዎች የዚህ ፕሮግራም ሠፋሪዎች ናቸው። በዕቅዱ ላይ መንገድ፣ ውሃና ጤና ኬላ አስቀድመው እንዲዘጋጁ የሚል ነበረበት። በብዙ ቦታ ግን ሕዝቡ ቀድሞ ደረሰ፤ በችኮላ የተጠረገው መንገድም የበጋ መንገድ ሆኖ ቀረ።

እኔ ራሴ በወጣትነቴ በምዕራብ ቆላ በሚገኝ አንድ የሠፈራ መንደር መምህር ሆኜ ሠርቻለሁ። ከመንደሩ እስከ ዋናው አውራ ጎዳና ያለው ጥርጊያ በበጋ ከአንድ ሰዓት በላይ አይፈጅም ነበር። በመካከሉ አንድ ጅረት አለ። በበጋ ድንጋይ ከድንጋይ እየረገጥን ጫማችንን ሳናወልቅ እንሻገረዋለን። በአንድ የሐምሌ ሌሊት ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመን እዚያ ስንደርስ ያ ጅረት ሞልቶ ግንድ እያንከባለለ ይወርድ ነበር። ጎሕ እስኪቀድ፣ ውሃውም እስኪጎድል ዳሩ ላይ ተቀመጥን። እናቲቱ ተረፈች፤ ሕፃኑ አልተረፈም። ስንመለስ ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ ዕድሜያቸው ጠና ያለ የወሎ ሰው፣ የጎደለውን ጅረት በእርምጃቸው ለኩትና «መምህር፣ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው» አሉኝ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ከጅረቱ ወዲህም ወዲያም ያለው መንገድ በዚያው ዓመት በግሬደር የተጠረገ፣ ምንም ያልጎደለው መንገድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የገጠር መንገድ በኪሎ ሜትር ሲቆጠር በሰማሁ ቁጥር እነዚያን አሥራ ሁለት እርምጃዎች አስባለሁ። ሠላሳ ኪሎ ሜትር መንገድ ተሠርቶ አሥረኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ጅረት ድልድይ ከሌለው፣ በክረምት ወራት ለመንደሩ ሰው ያለው መንገድ ሠላሳ ሳይሆን እስከ ጅረቱ ድረስ ያለው ብቻ ነው። መንገድን የሚያፈርሰው ከመኪና ጎማ ይልቅ ውሃ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ጡብ የሚደርቀው ጥቁር የዋልካ አፈር ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፤ ጎማ ይይዛል፣ የሰውንም እግር ያስቀራል። ስለዚህ መሃሉ ጎበጥ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ያለ መንገድ ያስፈልጋል፤ ውሃው ወደ ጎን ወርዶ በቦይ እንዲሄድ። ቦዩ የሰበሰበውንም ውሃ በቱቦ ከመንገዱ ሥር ማሳለፍ ያሻል። በላዩ ገረጋንቲ ወይም ቀይ አሸዋ መሰል ጠጠር ተነጥፎ ይጠቀጠቃል። ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል የቀሩት አይረዱም። ቱቦው በቅጠልና በደለል ከተደፈነ አንድ ክረምት የዓመታትን ድካም ጠርጎ ይወስደዋል። መንገድ የሚመረቀው በበጋ መሆኑ ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል። እስከ ዛሬ በነሐሴ የተመረቀ የገጠር መንገድ አላየሁም፤ ቢኖር ኖሮ መራቂዎቹ ብዙ ነገር በተማሩ ነበር።

የበጋ መንገድ የገበሬውን ኪስ የሚጎዳበት መንገድም እንደዚሁ ከባድ ነው። ሠፋሪው በቆሎውንና ሰሊጡን በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበስባል። ዝናብ ከጀመረ መኪና እንደማይመጣ ስለሚያውቅ እህሉን በቶሎ መሸጥ አለበት። ነጋዴውም ይህንኑ ያውቃል፤ ዋጋውን እንደፈለገ ይቆርጣል። በሐምሌ እህል ሲወደድ በጎተራው ያቆየው እንኳ አውጥቶ ሊሸጥ አይችልም፤ ያለቀበትም ገዝቶ ሊያመጣ አይችልም። ማዳበሪያም ከዘር ወቅት በፊት ካልደረሰ ዕዳ እንጂ ምርት አይሆንም።

«ጥቂት መንደሮች ላሉበት ቆላ ይህን ያህል ወጪ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ሕዝቡ በገዛ ፈቃዱ እዚያ ሄዶ ተበታትኖ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ሚዛን ሊኖረው ይችል ነበር። ከቀዬው አንሥቶ ያሰፈረው መንግሥት ግን ሰውን ሲያወርድ ዕዳውንም አብሮ አውርዷል። ሌሎች ደግሞ «ሕዝቡ በዘመቻ ይሥራው» ይላሉ። ሕዝቡ ምንጣሮውን፣ የድንጋይ መሰብሰቡን፣ የቦይ ቁፋሮውን ይችላል፤ ሠርቶም አሳይቷል። ሲሚንቶና ብረት፣ የውሃውን መጠን የሚያሰላ መሐንዲስ ግን በዘመቻ አይገኝም። ከሁሉ የሚከብደኝ ሦስተኛው ተቃውሞ ነው፤ መንገድ ሲገባ ደኑ ይመነጠራል፣ ነባሩም ሕዝብ ይገፋል የሚለው። ይህ እውነትነት አለው። በመተከል የጉሙዝ ሕዝብ ሠፋሪው ሲመጣ ያረሰውንና ያደነበትን መሬት አጥቷል። እንዲህ ሲሆን መፍትሔው መንገዱን መተው ሳይሆን መንገዱ የሚያልፍበትን ከነባሩ ሕዝብ ጋር መክሮ መወሰንና ለእርሱም መንደር ማድረስ ነው። በክረምት ጤና ጣቢያ የራቃት የጉሙዝ እናትም ያው ጅረት ያግዳታል።

በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት፣ በአምስት ዓመትም ከ71,000 ኪሎ ሜትር በላይ ለመሥራት ያለመ ነበር። ዓላማው ትክክለኛ ነው፤ ነገር ግን ርዝመት ዋናው መለኪያ ሲሆን ጠራጊው ወደ ቀላሉ ሜዳ ያደላል፣ አስቸጋሪው ጅረት ለነገ ይቆያል። ጥገናም ቢሆን ምንጭ አለው። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም ከነዳጅ ሽያጭ በሚገኝ ገንዘብ መንገድ እንዲጠገን ነበር። ከዚህ ዓይነቱ ገንዘብ ለእያንዳንዱ የሠፈራ ቀበሌ ደመወዝ የሚከፈላቸው ጥቂት ጠጋኞች ከነዋሪው መካከል ቢቀጠሩ ይቻላል። ሥራቸውም ግንቦት ሳያልቅ ቦይና ቱቦ መጥረግ፣ በክረምቱ መካከል የተሸረሸረውን መሙላት፣ በመስከረም የጎደለውን ጽፈው ለወረዳው ማስታወቅ ይሆናል። አካፋ፣ ዶማና የእጅ ጋሪ ይበቃቸዋል። የወረዳው መንገድ ጽሕፈት ቤትም በየዓመቱ ሪፖርቱን ሲያቀርብ ከተሠራው ኪሎ ሜትር በፊት አንድ ነገር ይጻፍ፤ ይኸውም በነሐሴ ወር መኪና የገባባቸው መንደሮች ስንት እንደሆኑ፣ ያልገባባቸውስ በየትኛው ጅረት ምክንያት እንደቀሩ ነው።