ኮንጎ ጫማ ግራውንድ አይደለም

ሲቀላ የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ። ከምጣዱ አጠገብ ደግሞ አንድ ጥንድ ኮንጎ ጫማ ሁሌ ይቀመጣል። የማን ነው ብዬ ብጠይቅ አከራዬ ሳቁና «የማንም አይደለም ልጄ፣ የምጣዱ ነው፤ ያለሱ ከነካኸው ይነዝርሃል» አሉኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማታ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። የአርባ ምንጭን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ የግቢው ልጆች በባዶ እግራቸው ነው የሚውሉት።

እስቲ ነገሩን እንየው። የምጣድ ገመድ ውስጥ ሦስት ሽቦ መኖር አለበት። ሁለቱ ኃይሉን ያመላልሳሉ፤ ሦስተኛው፣ ቢጫና አረንጓዴው፣ ከምጣዱ ብረት ጋር ይታሰራል። ሬዚስታንሱ ተበጥሶ ብረቱን ቢነካ ኃይሉ በዚህ ሽቦ ይሄድና ብሬከሩ ይወርዳል። ሽቦው ከሌለ ግን መንገዱ ምጣዱን የነካው ሰው ነው።

«ታዲያ ብረት ቅበሩና እሱ ላይ እሰሩት» የሚል አይጠፋም። እኔም ኤሌክትሪካል የሚማር ጓደኛዬ ሒሳቡን እስኪያሳየኝ ድረስ እንደዛ ነበር የማስበው። መስመራችን 220 ቮልት ነው። ደረቅ አፈር ውስጥ የተቀበረው ብረት 100 ኦም ተቃውሞ ቢኖረው የሚያልፍበት 2.2 አምፔር ብቻ ነው። 16 አምፔር የተጻፈበት ብሬከር ደግሞ ለዚህ ንቅንቅ አይልም፤ ምጣዱም እንደነዘረ ይቀጥላል። ስለዚህ ወደ መሬት የሚያፈስን ኃይል ገና በ30 ሚሊአምፔር ለይቶ የሚቆርጥ መሣሪያ ቆጣሪው አካባቢ መግባት አለበት። አንዳንዱ ጠጋኝ ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከግራውንዱ ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኝና «ጨርሻለሁ» ይላል። ይሄ ከምንም የባሰ ነው! ኒውትራሉ አንድ ቀን ቢበጠስ የምጣዱ ብረት ራሱ 220 ቮልት ይሸከማል።

የኔ አቋም፣ ኪራይ የሚቀበል ሰው ለሦስተኛው ሽቦም ኃላፊ ነው። ተከራይ ተማሪም ውሃ አለ ወይ ብሎ እንደሚጠይቀው ስለ ግራውንዱ ይጠይቅ።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችስ? ባለፈው ሴሚስተር ለልምምድ «በኤሌክትሪክ አደጋ ሕይወቱ አለፈ» የሚል ዜና ጽፌ ጥሩ ማርክ አግኝቻለሁ። ማን፣ መቼ፣ የት፣ ሁሉም ነበረበት። «እንዴት» የሚለው ላይ ግን «በኤሌክትሪክ» ብዬ አልፌዋለሁ። ቤቱ ግራውንድ ነበረው ወይ ብዬ አልጠየቅሁም፤ መምህሩም አልጠየቁኝም።

አከራዬን አነጋግሬያቸው መጀመሪያ ቅር አላቸው፤ ኋላ የልጆቹን እግር ሳነሳባቸው ዝም አሉ። ሠራተኛ እስኪመጣ ምጣዱ ከሶኬቱ ተነቅሏል። እስከዚያው እንጀራ እየገዛን ነው።