ከምድር በታች ያለው አምባዛ

ዛሬ ወደ ጃፓን ልንወስዳችሁ ነው። የሚያስኬደን ጉዳይ በእንጨት ማኅተም የታተመ አንድ የቆየ ሥዕል ነው።

ሥዕሉ ላይ ቤት የሚያህል አምባዛ ተዘርሯል። ሴቱም ወንዱም ከቦት፣ ያገኘውን አንስቶ ይቀጠቅጠዋል። ከወደ ጥጉ ግን ጥቂት ሰዎች እየሮጡ ይመጣሉ፤ ሊመቱ ሳይሆን ሊያስጥሉ። እነማን ናቸው? እንደርስበታለን።

በአገሩ አፈ ታሪክ ከምድር በታች ግዙፍ አምባዛ ይኖራል፤ እሱ ሲገላበጥ ምድር ትንቀጠቀጣለች። የካሺማ አምላክ በድንጋይ ተጭኖ ይዞታል ይባላል። ድንጋዩ ከቶኪዮ በስተሰሜን ምሥራቅ ባለው የካሺማ ቤተ መቅደስ ግቢ ዛሬም አለ፤ ከላይ ሲያዩት ትንሽ ነው። አንድ መስፍን ሰባት ቀን አስቆፍሮ ሥሩን አላገኘውም ብለው ያወራሉ።

አፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ ዘጠኝ ወር ሲሆን፣ ኅዳር 2 ቀን 1848 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 1855) ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ኤዶ ተናወጠች። ኤዶ ማለት የዛሬዋ ቶኪዮ ናት። ቤቱ እንጨት ነውና ከመፍረሱ እሳቱ ተከተለ። ከ7,000 የማያንስ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ወሩ ደግሞ በእነሱ አቆጣጠር 10ኛው፣ አማልክት ሁሉ ኢዙሞ ወደሚባል ቦታ ለስብሰባ የሚሄዱበት ነበር። ታዲያ ሕዝቡ ምን አለ? ጠባቂው ስብሰባ ሄዶ፣ ተተኪው እንቅልፍ ጥሎት አምባዛው አመለጠ! ስብሰባ የሄደ ኃላፊ መጠበቅ ምን እንደሆነ እኛ ሰፈር ላለ ሰው ማስረዳት አያሻም።

በጥቂት ቀናት ውስጥ የአምባዛ ሥዕል ከተማውን ሞላው። ሠዓሊው በስስ ወረቀት ይነድፋል፤ ጠራቢው ወረቀቱን ጣውላ ላይ ገልብጦ ለጥፎ መስመሩን ተከትሎ ይቀርጻል፤ አታሚው ለየቀለሙ የተለየ ጣውላ እየቀባ ወረቀቱን ያሽበታል። ከ200 በላይ ዓይነት ወጥቷል። ያኔ ሥዕል ያለ መንግሥት ፈቃድ አይታተምም ነበርና የእነዚህ ሠዓሊዎች ስማቸውን አልጻፉም። ገዢውም አንዳንዱ እንደ ክታብ ቤቱ ሰቀለው።

አሁን ወደ እነዚያ ሯጮች። አናጢዎችና ግንበኞች ናቸው! ከተማው ሲፈርስ ሥራ የሞላላቸው እነሱ ናቸውና አምባዛው እንዲሞት አይፈልጉም። ለአንዱ ለቅሶ፣ ለሌላው ሠርግ። በሌላ ሥዕል ደግሞ ሀብታሙ የዋጠውን ወርቅ ያስታውካል፤ ድሃው ይለቅማል። ቤት አልባ የሆነ ሰው እንዲህ ብሎ ይስቅ ነበር።

እኛ ግን አናጢው ላይ መፍረድ ይከብደናል። ነፋስ ሸራችንን በገነጠለ ማግሥት ገመድና ምሰሶ ሲወደድ እንናደዳለን፤ ልክ ነው። ሆኖም የአናጢውም ቤት ፈርሷል፣ እሱ ካልመታ ደግሞ ማንም ጣሪያ ሥር አያድርም። ሥዕሉን ያሳተመው ነጋዴ ራሱ ከዚያው አምባዛ እንጀራውን በልቷል። ልዩነቱ ያለው ዋጋው ላይ ይመስለናል፤ የልፋቱን በሚጠይቅና የሰው ጭንቀት አይቶ እጥፍ በሚያደርግ መካከል። ይህን ሥዕሉ አይለይም፤ ሁሉንም በአንድ ላይ ያሯሩጣቸዋል።

ሁለት ወር ገደማ ሲሆን መንግሥት ሥዕሎቹን ከለከለ። አምባዛው ግን አልጠፋም። ዛሬ የጃፓን ተማሪ ምድር የምትንቀጠቀጠው ቅርፊቷ ተሰነጣጥቆ ክፍሎቹ ስለሚገፋፉ መሆኑን ይማራል። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ደግሞ ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ ለአደጋ መኪኖች ብቻ የሚለቀቀውን መንገድ በሚያሳየው ምልክት ላይ ያንኑ አምባዛ በሰማያዊ ቀለም ተሥሎ ያየዋል።