ሬዚደንት ኢቭል 4ን ወደ ፕሌይስቴሽን ማሻገሩ ያዋጣ ነበር?

የጌም ወዳጆች በተሰበሰቡበት ሁሉ የማይሞት ክርክር አለ። ለአንድ ማሽን ተብሎ የተሠራ ጌም ወደ ሌላ ማሽን ሲገለበጥ መጫወት ይገባዋል ወይስ «ኦሪጂናሉን ካላገኘህ ተወው» ነው ነገሩ? በእግር ኳስ ጌም ላይ ጥያቄው ብዙም አያናድድም። ሣሩ ትንሽ ቢደበዝዝ ጎል ጎል ነው። ሰርቫይቫል ሆረር በሚባሉት፣ በጥቂት ጥይት ከሞት ለማምለጥ በሚታገሉባቸው አስፈሪ ጌሞች ላይ ግን ያናድዳል። ጨለማው፣ ጭጋጉ፣ ከዛፍ ጀርባ ያለው ጥላ ናቸው እኮ የሚያስፈሩት ይላሉ ተከራካሪዎቹ። እነሱን ከቀነስክ ምን ቀረ?

እኔ «ብዙ ቀረ» ባይ ነኝ። ማስረጃዬ ሬዚደንት ኢቭል 4 ነው። (የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጌሙን ያልጨረሳችሁ ደግሞ አንድ ሚስጥር ስለማወጣ ተጠንቀቁ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ካፕኮም የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2002 መጨረሻ ላይ ለኔንቲዶ ጌምኪዩብ አምስት ጌሞች እንደሚሠራ አስታወቀ፤ አንዱ ይኸው ጌም ነበር። ዳይሬክተሩ ሺንጂ ሚካሚ ጌሙ ወደ ሌላ ማሽን ከሄደ አንገቴን እቆርጣለሁ እስከማለት ደረሰ። አንገቱ አልተቆረጠም፤ ጌሙ ግን ሄደ! እንዲያውም ወደ ፕሌይስቴሽን 2 እንደሚሻገር የተነገረው በ2004፣ የጌምኪዩቡ ገና ገበያ ሳይወጣ ነው። የጌምኪዩቡ ጃንዋሪ 2005፣ የፕሌይስቴሽኑ ኦክቶበር 2005 ለአሜሪካ ገበያ ቀረቡ።

ለዚህ አንድ ጌም ብሎ ጌምኪዩብ የገዛ ሰው ቢበሽቅ አልፈርድበትም። ዘጠኝ ወር አለፍ ሲል ጎረቤቱ ያንኑ ጌም፣ ያውም ምርቃት ተጨምሮበት ሲገዛ ማየት ያማል። ግን ቁጥሩንም እንይ። ጌምኪዩብ በዕድሜው ሙሉ የተሸጠው 22 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ፕሌይስቴሽን 2 ከ150 ሚሊዮን በላይ። የመጀመሪያው ማሽን ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ጌሙን ስንት ሰው ያውቀው ነበር? አዲስ አበባ ውስጥ ጌምኪዩብ ያየ ካለ እጁን ያውጣ። እኔ አላየሁም። ፕሌይስቴሽን 2 ግን ልጅ ሳለሁ በየሰፈሩ ነበር፤ በሰዓት እየተከፈለ ይጫወቱበታል። (ሴት ልጅ እዚያ ቤት ምን ትሠራለች የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው።)

የተቀነሰውን አልክድም። ሁለቱን ጎን ለጎን ላየ ልዩነቱ ግልጽ ነው። በመንደሩ ዙሪያ ያለው ጫካ በፕሌይስቴሽኑ ሳስቷል። የብርሃኑና የጭጋጉ ሥራ ደክሟል፣ የሰዎቹ ገጽታ ዝርዝሩ ቀንሷል። በጌምኪዩቡ ማሽኑ እዚያው የሚስላቸው የታሪክ ትዕይንቶች እዚህ አስቀድመው የተቀረጹ ቪዲዮዎች ሆነዋል።

ግን ይህን ጌም የሚያስፈራው ምንድን ነው? ሊዮን የአሜሪካን ፕሬዚዳንት ልጅ አሽሊን ፍለጋ ወደ ስፔን ገጠር ይሄዳል። ገና ከጅምሩ መንደሩ መሃል ሲገባ ነዋሪው መጥረቢያና መንሽ ይዞ ይከበዋል። ለመተኮስ መቆም ግዴታ ነው፤ እየሄዱ መተኮስ የሚባል ነገር የለም። ስታነጣጥሩ ካሜራው ትከሻው ሥር ይጠጋና ዙሪያውን ይጋርድባችኋል። አንዱን እየመታችሁ ሌላው ከኋላ እየመጣ እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ግን አታዩትም። ቤት ገብታችሁ በሩን በቁም ሣጥን ብትዘጉ በመስኮት በኩል መሰላል ያቆማሉ። ያኔ ነው ፊቱን በጆንያ የሸፈነው ሰውዬ የሞተር መጋዙን አስነሥቶ የሚመጣው። መጀመሪያ የምትሰሙት ድምፁን ነው። ጥይት ትቆጥራላችሁ። ስድስት ቀረኝ? ሰባት? በዚህ ሰዓት ዛፉ ስንት ቅጠል እንዳለው የሚቆጥር ካለ እሱ ጀግና ነው።

ይህ ሁሉ ሳይሸራረፍ ተሻግሯል። እንዲያውም በሰዓት ከፍሎ ለሚጫወት ሰው አንድ ፍርሃት ይጨመርበታል። ጌሙ ሴቭ የሚደረገው ታይፕራይተር በተቀመጠበት ቦታና ምዕራፍ ሲያልቅ ብቻ ነው። የከፈላችሁበት ሰዓት ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው፣ ታይፕራይተሩ ገና ሳይገኝ፣ ሜሞሪ ካርዱም የሁሉም ሰው ሆኖ ነገ ሌላው ሊደርብበት እንደሚችል እያወቁ መጫወት... ካፕኮም ይህን አላሰበውም።

ወደ ምርቃቱ ልምጣ። ያ የመንደሩ ከበባ ሊዮንን ሊጨርሰው ሲል የቤተ ክርስቲያን ደወል ይደወላል፤ ሰዉ ሁሉ ትቶት ይሄዳል። በጌምኪዩቡ ደዋዩን አታዩም። በፕሌይስቴሽኑ ግን ዋናውን ጌም ስትጨርሱ የሚከፈት፣ አምስት ምዕራፍ ያለው «ሴፓሬት ዌይስ» የሚባል ክፍል አለ። ተጫዋቹ ኤዳ ዎንግን ሆኖ ያንኑ ታሪክ ከእሷ ወገን ያየዋል። ደወሉን የደወለችው እሷ ናት! በዋናው ጌም አንዷ ሴት አድነኝ እያለች ስትጮህ፣ ሌላዋ በቀይ ቀሚስ ብቅ ብላ ስትጠፋ ለቆየን፣ የሊዮንን ነፍስ ያተረፈው ማን እንደሆነ ማወቅ ከሃያ ዛፍ ይበልጥብኛል። ገዢውም የተስማማ ይመስላል፤ ካፕኮም ባወጣው የሽያጭ ዝርዝር የጌምኪዩቡ 1.6 ሚሊዮን ሲሆን የፕሌይስቴሽኑ ከ2 ሚሊዮን አልፏል።

«ታዲያ የ2007ቱ የዊ ቅጂ አይሻልም?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ የጌምኪዩቡን ምስልና የፕሌይስቴሽኑን ምርቃት አንድ ላይ ይዞ በ30 ዶላር ነው የመጣው። ግን ማነጣጠሪያው ተቀየረ። ሪሞቱን ወደ ስክሪኑ ጠቁሞ መተኮስ በጣም ቀላል ነው፤ ጭንቅላት ጭንቅላቱን እያሉ መሄድ ይቻላል። ጥይት ይተርፋል። ጥይት ሲተርፍ ደግሞ ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ ወደ ጨዋታ ይለወጣል። ደስ የሚል ጌም ነው፤ ጥሩ የአደን ጌም! ከሳሳው ጫካ ይልቅ ፍርሃቱን የጎዳው ይህ የተመቸ ሪሞት ይመስለኛል። (በዚያው ዓመት ለኮምፒውተር የወጣው በማውስ ማነጣጠር እንኳ የማይቻልበት ነበር። እሱን እንርሳው።)

በ2023 ጌሙ እንደ አዲስ ተሠርቷል፤ ምስሉ ያፈዛል፣ ሊዮንም እየተራመደ ይተኩሳል። «ሴፓሬት ዌይስ»ም አብሮ አልመጣም። ከወራት በኋላ ለብቻው 10 ዶላር ተተመነለት። በ2005 ምርቃት የነበረው ማለት ነው።

አሮጌ ፕሌይስቴሽን 2 አልጋ ሥር የከተተ የአጎት ልጅ ካላችሁ ዘንድሮ አውጡት። ግን መጀመሪያ ሜሞሪ ካርዱ መኖሩን ጠይቁ።