የኮሮናው ዓመት ዕርዳታ ለማን ደረሰ?

ባለፈው ሳምንት ስለ ደረሰኝ አንብበናል። ዛሬ የኮሮና በሽታ በገባበት ዓመት መንግሥት ለነጋዴና ለተከራይ ስላደረገው ዕርዳታ እናነባለን። ነገሩ ካለፈ ቆይቷል። ግን አንዲት አብራን የምትማር ሴት ያጫወተችን አለ፤ እሱን ለእናንተ ሳናካፍል ማለፍ አልሆነልንም።

በሽታው በአገራችን መጀመሪያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዋጁ ለ5 ወር ነበር። በደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የኮሮና ሕሙማን መታከሚያ ሆነ። መኪና በግማሽ ሰው ብቻ ይጫን ተባለ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ቁልቁል የሚወርደው መኪና ግማሽ ወንበሩን ባዶ ይዞ ወረደ። ከኩታበርና ከቃሉ ዶሮና ቅቤ ይዞ የሚመጣው ገበያተኛ ቀነሰ። እሱ ካልመጣ ሻዩን ማን ይጠጣል? እንጀራውን ማን ይገዛል? ትንሽ ነጋዴ የሚኖረው በገበያተኛ እግር ነው።

ታዲያ መንግሥት ምን አደረገ?

ትልቁ ገንዘብ ለባንኮች ሄደ። ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አቀረበ። አንድ ቢሊዮን ማለት ሺህ ሚሊዮን ማለት ነው። ባንኮቹ እንዲያበድሩና ዕዳ ላለበት ሰው ፋታ እንዲሰጡ ነው። መልካም ነው። ግን ከባንክ ተበድራ የማታውቅ፣ ሰኞ ገበያ ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትቸረችር ሴት ከዚህ ምን ታገኛለች? ለሷ አልደረሰም። ይህን ሳንሸሽግ እንናገራለን።

ስለ ግብርም ተወሰነ። ውዝፍ ግብር ማለት ሳይከፈል የቆየ ግብር ነው። እስከ 2007 ዓ.ም. ያለው ውዝፍ ጨርሶ ተሰረዘ። ከ2008 እስከ 2011 ዓ.ም. ላለው ደግሞ ዋናውን ግብር ለሚከፍል ሰው ወለዱና ቅጣቱ ተነሣለት። በበሽታው ምክንያት ሥራው ቆሞ ሳለ ለሠራተኞቹ ደመወዝ መክፈሉን ላላቋረጠ አሠሪ ከደመወዛቸው የሚቆረጠው የ4 ወር ግብር ተማረለት። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ሠራተኛው ደመወዙን ካገኘ ምሳ ይበላል፣ ሻይ ይጠጣል። በዚህ በኩል ትንሿም ነጋዴ ጥቂት ትቀምሳለች።

ለድሃ በቀጥታ የሚደርሰው ግን ሌላ ነበር። አዋጁን ለማስፈጸም ደንብ ቁጥር 466/2012 ወጣ። በዚያ ደንብ አከራይ ተከራዩን ከቤት እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር ተከለከለ። ለዚህ ባንክ መግባት አያስፈልግም። ማወቅ ብቻ ይበቃል።

እንግዲህ የዚያች ሴት ነገር እዚህ ላይ ነው። ደሴ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ ትኖራለች። በደጇ ሻይ ታፈላለች። ግንቦት ላይ አከራይዋ ወረቀት ይዘው መጡ።

«እህቴ፣ እዚህ ላይ ጣትሽን አሳርፊ» አሏት።

«ምን ይላል ጋሼ?»

«የቤቱ ነው፤ እንደ ድሮው።»

አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ አተመች። ወረቀቱ ግን እንደ ድሮው አይልም። ኪራዩ ከ600 ወደ 900 ብር ማደጉን ይናገራል። በወሩ መጨረሻ 600 ይዛ ብትሄድ «ፈርመሽ የለም እንዴ?» ተባለች። 4 ወር ሙሉ ጭማሪውን ከፈለች። እስቲ በደብተራችሁ ላይ አስሉት፦ በወር 300 ብር፣ ለ4 ወር ስንት ይመጣል? 1,200 ብር ነው። ሻይ ጠጪ በጠፋበት ወቅት!

ለጎረቤቷም ይኸው ወረቀት ቀርቦለት ነበር። ልጁ አነበበለትና «አባባ፣ ይሄ በደንቡ ክልክል ነው» አለው። አልፈርምም አለ። አከራዩም ወረቀታቸውን አጥፈው ሄዱ። ሌላ ነገር አልተከተለም።

አከራዩን ክፉ ናቸው አንልም። ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸውም የሚኖሩት በዚያችው ኪራይ ነው። ለሳቸውስ ማን አሰበላቸው? ይህም የሚጠየቅ ነው።

እኛ ግን ሴትዮዋን አንድ ነገር ጠየቅናት፦ ደንቡ በሬዲዮ ሲነገር አልሰማሽም? «ሬዲዮ ተናግሮ ያልፋል፤ እኔ ውሃ ልቀዳ ሄጄ ሊሆን ይችላል» አለችን። በሌላ ጊዜ ቢሆን የቅሬ ሰዎች ይነግሯት ነበር። ቡና ላይ ትሰማ ነበር። በዚያ ዓመት ግን መሰብሰብ ተከለከለ። ቅሬውም አልተቀመጠ፣ ቡናውም ቀረ። ከአፍ ወደ አፍ የሚሄደው ወሬ በየቤቱ ተዘጋበት። የቀረው በወረቀት የተጻፈው ብቻ ነው።

ደንቡ ጊዜው አልፎ ቀርቷል። ያ ጣቷ ያረፈበት ወረቀትም በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ከቤት ዕቃዋ ጋር ጠፋ። እሷ ግን ቁጥሩን አልረሳችም። ዛሬ አብራን ትማራለች። «ሺ» እና «ሽ» ትንሽ ያስቸግሯታል እንጂ ቁጥር ላይ ማንም አይቀድማትም። በቅርቡ አዲስ የኪራይ ውል ሲመጣላት «ጋሼ፣ ይደር» ብላ ተቀብላ ወደ ትምህርት ቤት ይዛው መጣች። ሁላችንም ዙሪያውን ከበን አነበብነው። «ተከራይ ሲለቅ የ2 ወር አስቀድሞ ይከፍላል» የሚል መስመር ተገኘበት። እሱን አስወጥታ በገዛ እጇ ፈረመች።

በሚቀጥለው ሳምንት የኪራይ ውል ውስጥ ምን ምን መጻፍ እንዳለበት እናያለን። ቤት ያከራያችሁም የተከራያችሁም ውላችሁን ይዛችሁ ኑ።